የግራው ካርቡራተር

ፈድሉ ገበያ መሃል ቁጭ ብሎ የዘይት ቆርቆሮ በመቀስ እየቆረጠ ሳለ አንድ ሰው ፊቱ ቆሞ ብርሃኑን ጋረደበት። ቀና ሲል የከተማው ጣሊያናዊ አዛዥ የማሬሻሎው አስተርጓሚና መልእክተኛ ከፈለኝ ነው። ኩራዝ አማርጣ ዋጋ ስትከራከር የነበረች ሴትዮ በእጇ የያዘችውን አስቀምጣ ሄደች። ከፈለኝ የቆመበት ቦታ ገበያተኛ አይቆምም።

«ተነሣ፤ ማሬሻሎው ይፈልግሃል።»

«ምን አጠፋሁ አቶ ከፈለኝ?»

«ሞተሩ ነው። ቤንዚን ያፈሳል። የሙሴ ኮስታን ሞተር ከዲላ ሰው የሚያውቀው ፈድሉ ነው አሉኝ።»

ማን እንዳለው ፈድሉ አልጠየቀም። ጣሊያን ዲላን ከያዘ ሦስተኛው ክረምት ነበር፤ በዚያ ዘመን ሰው የሚያውቀውን ነገር ሁሉ ባያውቀው ይመኝ ነበር። ለጣሊያን የሠራ ባንዳ ይባላል፣ አልሠራም ያለ ጀርባው ይተለተላል። ፈድሉ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሁለቱም ተጠግቶ ሳይነካ ያለፈው ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ብቻ የሚሠራ ቆርቆሮ ሠሪ መስሎ በመኖሩ ነው።

ከጉራጌ አገር ዲላ የመጣው በወጣትነቱ ነበር። መጀመሪያ ያደረው ሙሴ ኮስታ የሚባል ግሪካዊ ቡና ነጋዴ ዘንድ ነው። ሙሴ ኮስታ ሁለት ሲሊንደርና ሁለት ካርቡራተር ያለው፣ ያኔውኑ ያረጀ ሞተር ብስክሌት ነበረው። መንዳት ይወዳል፤ እጁን ማቆሸሽ ግን ይጠላል። ስለዚህ የሞተሩ አንጀት የፈድሉ ሥራ ሆነ። ሲፈታ፣ ሲያጥብ፣ ሲገጥም ቆይቶ ድምፁን ከሩቅ ሰምቶ የትኛው ጎኑ እንደታመመ የሚናገር ሆነ። ጦርነቱ ሲቀርብ ግሪካዊው በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገረ። ሞተሩን የቡና ጆንያ አልብሶ መጋዘን ውስጥ ትቶት ነበር፤ ጣሊያኖቹ ጆንያውን ገለጡት።

ማሬሻሎው የተቀመጠው በዚያው በግሪካዊው ግቢ ነው። ፈድሉ በሩን ሲያልፍ የቤንዚን ሽታ ተቀበለው። ሞተሩ በመጋዘኑ ጥላ ስር ቆሟል፤ ከግራ ጎኑ የሚወርደው ጠብታ መሬቱን አጥቁሮታል። ማሬሻሎው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል። ሲናገር ፈድሉን ሳይሆን ሞተሩን ነው የሚያየው።

«ደጋግሞ መንገድ ላይ ጥሎናል ይልሃል» ብሎ ተረጎመ ከፈለኝ። «ይርጋጨፌ ትእዛዝ ሳይደርስ ቀርቶ ባንኮ ጎቲቲ ጫካ ያሉት ሽፍቶች አመለጡ። የስልኩን ሽቦ ቆርጠውታል። በፈረስ የተላከውን ሰው ገድለውታል። የቀረን ይሄ ሞተር ነው። እና ማሬሻሎው በአጋጣሚ የተበላሸ አይመስለውም። እጁን ያስገባ ሰው ከተገኘ ይሰቀላል። አንተም ብታበላሸው ያው ነው።»

ፈድሉ ጎንበስ አለ። ከሞተሩ ጎን ተንበረከከ።

ቤንዚን ወርዶ ወርዶ ሁሉንም ስለሚያረጥበው ከየት እንደተነሣ ለማወቅ መጀመሪያ ማድረቅ ነው። በጨርቅ ጠራርጎ አደረቀው፤ ከስሩም ጠብታው የሚያርፍበትን ለማየት ደረቅ አመድ ነሰነሰ። የታንከሩን መክፈቻ ዘግቶ ጠበቀ፤ ምንም የለም። ከፈተው። ቱቦውን በጣቱ እየዳበሰ ወረደ፤ ደረቅ ነው። ጥቂት ቆይቶ የግራው ካርቡራተር በጎኑ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ማላብ ጀመረ። ላቡ ተሰብስቦ ጠብታ ሆነ፤ ጠብታው አመዱ ላይ ወደቀ። የቀኝ ጎኑ ደህና ነው።

በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ጽዋ አለች። በጽዋይቱ ውስጥ ከናስ የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና መርፌዋን ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ይወርድና ይከፍታል። መግቢያው ካልተዘጋ ጽዋይቱ ሞልታ ትፈሳለች። ይህን ሁሉ ፈድሉ በሐሳቡ እየደገመ ክዳኑን በእጁ ፈታ። ቆሻሻ መርፌዋን ይዟት እንደሆነ ብሎ ጽዋይቱን ፈተሸ፤ ንጹሕ ናት። መርፌዋን መቀመጫዋ ላይ አድርጎ መግቢያውን በአፉ ሳበው፤ አየር ሳያሾልክ ምላሱ ላይ ተጣበቀ። እሷም ጤነኛ ናት። ያን ጊዜ የግራውን ተንሳፋፊ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረ። ብዙም ሳይቆይ የግራው ጎን ደረቀና የቀኙ ማልቀስ ጀመረ።

«ጥፋቱ ይሄ ነው» አለ ተንሳፋፊውን አውጥቶ። ጆሮው ላይ አስጠግቶ ነቀነቀው። ባዶ መሆን ያለበት ሆዱ ውስጥ ቤንዚን ቦጭ ቦጭ ይላል። «ጠጥቷል። የፈላ ውሃ በሳህን ይምጣልኝ፤ እሳቱ ግን እዚያው ኩሽና ይቅር።»

ውሃውን ያመጣችው አሰገደች ናት።

አሰገደች የግራዝማች ገብረኪዳን ሚስት ነበረች። ግራዝማች ከሰሜን መጥቶ ይርጋጨፌ አካባቢ ብዙ ገባር የነበረው ሰው ነው፤ ከጦሩ ጋር ዘምቶ በዚያው ቀረ። እሷ ለጥቂት ወራት የት እንደገባች ሳይታወቅ ጠፍታ ቆይታ ተይዛ ዲላ መጣች። ማሬሻሎው ቤት ወጥ እንድትሠራ አስገቧት፤ ከዚያም በወጥ ብቻ አልቀረም። ከተማው ግን ተይዛ መምጣቷን ረስቶ «የጣሊያን ቅምጥ» የሚለውን ስም ብቻ ያዘላት።

ሳህኑን ፈድሉ ፊት አስቀምጣ የፈላውን ውሃ ከማንቆርቆሪያ ቀዳችበት፤ አልሄደችም። ተንሳፋፊውን ውሃው ውስጥ ነከረው። ሆዱ ያለው ቤንዚን ሲሞቅ መተንፈሻ ይፈልጋልና ከታችኛው ገጹ እንደ ክር የቀጠኑ ሁለት የአረፋ መስመሮች ጎን ለጎን ተነሡ። ፈድሉ ገልብጦ አየው። ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ ያረጀ ናስ እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ ዝገት እንዴት እንደሚበላ ያውቃል። እነዚህ ስንጥቅ አይደሉም። ክብ ናቸው፤ ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ሰው ነው የበሳቸው፤ ያውም በወስፌ።

ዓይኑ ሳያስበው ወደ ኩሽናው በር ሄደ። እዚያ ያላለቀ ሰፌድ ተቀምጧል፤ ወስፌው ሰፌዱ ላይ እንደተሰካ ነው። ቀጥሎ አሰገደችን አየ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማለች፤ ፍል ውሃው በእግሯ ላይ ይንጠባጠባል፤ እግሯን አልሰበሰበችም።

ማሬሻሎው አንድ ነገር ተናገረ። «ምን አገኘህ?» አለው ከፈለኝ።

እውነቱን ቢናገር ይህች ሴት ሳይመሽ ትሰቀላለች። ቢደብቅና ቢታወቅበት የሚሰቀሉት ሁለት ይሆናሉ። ቤቱ አለ፤ ሚስቱ ሀዲጃ አለች። ኋላ ሲያወራው ጀግንነት አልነበረም ይላል፤ ምላሴ ከራሴ ቀደመ ነው የሚለው።

«አርጅቷል። ናሱ ስንጥቅ አውጥቷል።»

ከፈለኝ ወዲያው አልተረጎመም። ጎንበስ ብሎ ሳህኑን አየ፤ አረፋው ገና እየወጣ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ ለማሬሻሎው ተናገረ። ፈድሉ ከጣሊያንኛው የያዘው «ቬኪዮ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ አሮጌ ማለት ናት።

ሆዱ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሁሉ ተንኖ እስኪወጣ ጠበቀ፤ አለዚያ ብየዳው እጁ ላይ ይፈነዳል። ከዚያ የብየዳ ብረቱን አግሎ መበየጃውን ስታኞ አቅልጦ ሁለቱን ቀዳዳዎች ደፈናቸው። ሌላ ዓይን እንዳያያቸው ብሎ ግን ስታኞውን አበዛው፤ እንደ ኪንታሮት አብጦ ቀረ። ከልክ በላይ የከበደ ተንሳፋፊ በደንብ እንደማይነሣ ያውቃል። አውቆም ተወው። ፍርሃት ይሁን ሌላ ራሱም አልለየውም።

ከፈለኝ ሞተሩን ሊሞክር እስከ ለገዳራ ድልድይ ሄዶ ተመለሰ። የግራ ጫማው በቤንዚን ርሷል።

ማሬሻሎው አልጮኸም። ሁለት አስካሪዎች፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ ፈድሉን እዚያው አስተኙት፤ ሦስተኛው የጉማሬ አለንጋውን አነሣ። ፈድሉ መጀመሪያ ላይ አላህን ጠራ፤ ኋላ ድምፅም አልቀረው። ሲጨርሱ ጎትተው መጋዘኑ ውስጥ ጣሉት፤ ከፈለኝ በሩ ላይ ቆሞ የማሬሻሎውን ቃል አቀበለው፦

«ነገ ሞተሩ ይነሣል። ሞተሩ ካልተነሣ አንተም አትነሣም።»

በነጋታው ጠዋት አሰገደች ቆጮና ጎመን፣ ለጀርባውም ቅቤ ይዛ መጣች። በር ላይ ያለው አስካሪ ሱማሌ ነው፤ አማርኛ አይሰማም። ሳህኑን አስቀምጣ፣

«ጋሼ ፈድሉ፣ ይብሉ» አለችው።

በግራዝማች ዘመን «አንተ ቆርቆሮ» ነበር የምትለው። ፈድሉ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

«ወይዘሮ አሰገደች፣ ያን ወስፌ ከበር ያንሡት።»

እጇ ቅቤው ላይ ቆመ። «አውቀዋል።»

«ቆርቆሮ ሠሪ ነኝ። ቀዳዳ አይጠፋኝም።»

«ከፈለኝ ክዳኑን በእጁ ሲፈታው አየሁ። ሰው ሲተኛ እኔም ፈታሁት። መልሼም ገጠምኩት። ይገርፉዎታል ብዬ አላሰብኩም ጋሼ ፈድሉ። የማስበው ያ ትእዛዝ እንዳይደርስ ብቻ ነው።»

«የምን ትእዛዝ ነው?»

«የኮንጋን መንደር ሊያቃጥሉት ነው። ለጫካ ሰዎች ቆጮ ያቀብላሉ ተብሎ። አስካሪ የሞላ ካሚዮን ይርጋጨፌ ቆሞ የሚጠብቀው ቃል ብቻ ነው። ማዕድ ላይ ሲያወሩ እሰማለሁ። እንደ ወንበር ነው የሚያዩኝ፤ ወንበር ፊት ማን ይጠነቀቃል?»

«ኮንጋ ዘመድ አለዎት?»

ራሷን ነቀነቀች። «ዘመድ የለኝም። ግራዝማች የሞተ ጊዜ እማማ ሎኮ የምትባል የኮንጋ ጌዴኦ እንሰቷ ውስጥ ደበቀችኝ። ገባራችን ነበረች። ግራዝማች የግብር ማር ጎደለ ብሎ ባሏን አሳስሮት ነበር፤ ከእስር ወጥቶ ብዙም አልቆየ። እሷ ግን ቡላ እየሠራች አበላችኝ። አንድ ቀን እንኳ የባሏን ነገር አላነሣችብኝም። ብታነሣው ይሻለኝ ነበር።»

«ታዲያ ሰው ልከው ሽሹ አይሏቸውም?»

«ማንን ልላክ?» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየችው። «በዚህ ከተማ ማን ያናግረኛል? ውሃ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሸሹኛል። ባለቤትዎ ሀዲጃ ሳትቀር።»

እውነት ነው። ሀዲጃ በአሰገደች ጥላ ላይ ምራቋን ስትተፋ ፈድሉ አይቶ ዝም ብሎ ያውቃል። አቀረቀረ። ከዚያ ከራሱ ላይ ኮፊያውን አውልቆ ሰጣት።

«ይችን ያሳዩዋት። ጨው በበቅሎ ጭነሽ፣ ዱመርሶን አልፈሽ፣ ኮንጋ ግቢ ብሎሻል ይበሏት። ለማን ምን እንደምትናገር እርስዎ ይንገሯት። አሁን ከወጣች እስኪመሽ ትደርሳለች።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ሞተሩን እሠራለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ነው የምሠራው።»

እንዳለውም አደረገ። ሁለቱንም ካርቡራተሮች አወረደ። የግራውን ብቻ አይደለም፣ የቀኙንም ፈታው፤ አንዱ ያለ አንዱ አይስተካከልም ብሎ። ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀጭን ቀዳዳ ብሎን፣ ጂግለሯን፣ እየነፋ ወደ ሰማይ አንሥቶ አጮልቆ አየባት፤ መልሶ ነፋት። የታንከሩ መክፈቻ ቡሽ ደርቋል ብሎ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው። ከአሮጌ ቦት ጫማ ቆዳ ክዳኑ ስር የሚነጠፍ ጓርኒሲዮን ቆረጠ፤ ወፈረ ብሎ ጣለው፤ ከካርቶን ሌላ ቆረጠ። ዝናብ ሲጥል ጥላ ስር ገባ፤ ዝናብ ሲያቆም አየሩ እርጥብ ነው ብሎ ጠበቀ። በተንበረከከ ቁጥር የጀርባው ቁስል ይከፈታል። ከፈለኝ እየመጣ «ምን ቀረህ?» ይለዋል፤ ፈድሉም የቀረውን እየቆጠረ ይነግረዋል፤ የሚነግረው ሁሉ እውነት ነው፤ አብዛኛው ግን አያስፈልግም።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ማሬሻሎው የራሱ ካሚዮን መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ የቀረበት አንድ ሾፌር ይዞ መጣ። ሾፌሩ ሞተር የሚያውቅ ጣሊያናዊ ነው፤ ሣጥን ላይ ተቀምጦ የፈድሉን እጅ ማየት ጀመረ። ከዚህ በኋላ ማስመሰል አልተቻለም። የቀረው ተንሳፋፊው ነው።

በሾፌሩ ዓይን ስር ያበጠውን ስታኞ በሞረድ ጥቂት ጥቂት እያለ ፋቀ። በደንብ ካልተፋቀ ይከብዳል፤ ከልክ በላይ ከተፋቀ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ሊታዩ ይችላሉ። ቀጭን እንጨት በመካከሏ ላይ በክር አንጠልጥሎ፣ በአንዱ ጫፍ የቀኙን ተንሳፋፊ፣ በሌላው የግራውን አሰረ። የግራው ወረደ። ፋቀው። አሁንም ወረደ። ፋቀው። እንዲህ ሲል ቆይቶ እንጨቷ ቀጥ ብላ በአየር ላይ ቆመች፤ ስታኞውም እንደ ወረቀት ስሶ ቀዳዳዎቹን እንደሸፈነ ቀረ።

በዚያች ቅጽበት ልቡን ደስ አለው። ሥራው ያማረለት ሰው የሚሰማው ደስታ ነው፤ ሳይጠራው መጣ። ሾፌሩም «ብራቮ» አለው። ፈድሉ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ያልረሳው ጉማሬውን አይደለም፤ ያቺን ደስታ ነው።

ገጥሞ ቤንዚኑን ሲከፍት አመዱ ደረቅ ሆኖ ቀረ። መሽቶ ነበርና፣ መንገዱም ጭቃ ስለሆነ፣ ጉዞው ለማለዳ ተባለ፤ ፈድሉም ወደ ቤቱ እንዲሄድ ተፈቀደለት። ሌሎቹ ሲሄዱ ከፈለኝ ወደ ኋላ ቀረ።

«ትናንት ስንጥቅ ነው ነበር ያልከኝ።»

«አዎ፣ አቶ ከፈለኝ።»

«እኔም ስንጥቅ ነው ብዬ ተርጉሜያለሁ። እንዳትረሳ።»

ማስፈራሪያ ይሁን ልመና ፈድሉ አልለየውም። ሊጠይቀው አልደፈረም፤ ከፈለኝም መልሱን ሳይጠብቅ ሄደ።

ጎህ ሲቀድ ሞተሩ ተነሣ። ፈድሉ ቤቱ በደረቱ ተኝቶ ሰማው። ሁለቱ ሲሊንደሮች ተራ እየጠበቁ፣ አንዱ ሌላውን ሳይረግጥ፣ ጥርት ብለው ይመታሉ። አንዴም ሳይደናቀፍ በይርጋጨፌ መንገድ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ሀዲጃ የተመለሰችው ከቀናት በኋላ ነው። በቅሎዋን ሳታራግፍ ገብታ ከአጠገቡ ተቀመጠችና መጀመሪያ ጀርባውን ገልጣ አየች። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ነገረችው።

«አሰገደች ስትመጣ በሩን ልዘጋባት ነበር። ኮፊያህን ስታወጣ ሞተሃል መሰለኝ። ‹በሕይወት አለ፣ ልኮኝ ነው› አለችኝ። ወላሂ ፈድሉ፣ እንደዚያ ቀን ሄጄ አላውቅም። ዱመርሶ ላይ አስካሪ አስቆመኝ፤ ጨው አፍስሶ ለቀቀኝ። ኮንጋ ስደርስ መሽቷል። ነገርኳቸው። የማን ቃል እንደሆነ ግን አልተናገርኩም፤ ስሟን እንዳልጠራ ለምናኝ ነበር። ሌሊቱን ሕፃናቱን፣ ከብቱን እያወጡ ወደ ላይ ወደ ጫካው አሻገሩ።»

«ሁሉም ወጡ?»

ሀዲጃ የገለጠችውን ጀርባውን መልሳ ሸፈነች።

«ሀዲጃ፣ ሁሉም ወጡ ወይ?»

«ሎኮ እግሯ አይሄድም። ልጆቿ በቃሬዛ ሊያነሧት ሲሉ ‹መጀመሪያ ሕፃናቱን፤ ለኔ ትመለሳላችሁ› አለቻቸው። ሊወስዷት ሲመለሱ ካሚዮኑ ደርሶ ቤቱ ይነዳል። ሞተሩ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ…»

ማንን እያነጋገረች እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አላት። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ፈድሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ለአሰገደች የነገራት እሱ ራሱ ነው፤ ውሃ ስትወርድ መንገድ ላይ ጠብቆ። የደረሰውን ሁሉ፣ ሞተሩ በሰዓቱ መድረሱንም ሳይደብቅ ነገራት። እንድትቆጣው፣ እንድትረግመው ፈልጎ ነበር። እሷ ግን እንስራዋን አዝላ እንደቆመች ሰማችው፤ «የጣሊያኖቹ ምሳ ደርሷል» አለችና ወደ ግቢው ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሀዲጃ ምንጩ ጋ ስታገኛት ሰላም ትላታለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ሀዲጃንም መሸሽ ጀመሩ።

ሞተሩ ጣሊያን ከዲላ እስኪወጣ ድረስ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ወናጎ ሄደ፣ ባንኮ ጎቲቲ ሄደ። ምን ይዞ እንደሚሄድ ፈድሉ አያውቅም። ድምፁ በገበያው በኩል ሲያልፍ መዶሻውን አስቀምጦ እስኪርቅ ይጠብቃል።

በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ጣሊያን ወጣ። ከፈለኝ አብሯቸው ሄደ፤ ወዴት እንደደረሰ የሰማ የለም። ከተማው የአራትና የአምስት ዓመት ንዴቱን የሚያሳርፍበት ሲፈልግ አሰገደች ቀረበችለት። ሴቶች ፀጉሯን ሊላጩ ጎትተው አወጧት። ነገሩ ሳይከፋ ሽማግሌዎች ደርሰው ሾላው ስር ሸንጎ ተቀመጡ። ሰብሳቢው አቶ ተክለማርያም ነበሩ፤ ልጃቸው በጣሊያን የተገደለባቸው፣ ክፉ ያልሆኑ፣ ግን ያዘኑ ሰው ናቸው።

ፈድሉ ተነሥቶ ወስፌውንም፣ ቀዳዳውንም፣ ኮንጋንም ተናገረ። ሸንጎው እያጉረመረመ ሰማው። ሲጨርስ ተክለማርያም በትራቸውን ተደግፈው ጠየቁት።

«ሞተሩ ተበስቶ ነበር ትላለህ። ምስክር አለህ?»

«ያየው ከፈለኝ ነው።»

«ከጣሊያን ጋር የሸሸውን ባንዳ ምስክር ትጠራለህ? ሞተሩን መልሶ የሠራውስ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በደንብ ሠራኸው?»

«በደንብ ሠራሁት።»

አንዱ ሳቀ። ሀዲጃ ከሴቶቹ መሃል ብድግ ብላ «በእግሬ የሄድኩት እኔ ነኝ! ቃሉን የሰጠችኝ እሷ ናት!» አለች። አንዳንዱ አመነ፤ አብዛኛው የባሏን ነውር የምትሸፍን ሴት አድርጎ አያት። አሰገደች ራሷ ምንም አልተናገረችም። በመጨረሻ አትነካ፣ ግን ከተማውን ትልቀቅ ተባለ።

«የት ይሄዳሉ?» አላት ፈድሉ።

«ኮንጋ። ተቀበሉኝም አልተቀበሉኝም መሄድ አለብኝ።»

እሱና ሀዲጃ ሸኟት። ሲደርሱ ዝናብ ይዟቸዋል። ሎኮ የነበረችበት ቦታ የበኩር ልጇ አዲስ ጎጆ ሠርቷል፤ ከበስተኋላው እንሰቱ እንደገና አቆጥቁጧል። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ሦስቱንም አየ። ሀዲጃን አወቃት፤ «ባለ ጨው ሴትዮ» አላት። አሰገደችንም አወቃት፤ እናቱ ደብቃት በነበረ ጊዜ ቡላ ያመላልስላት የነበረው እሱ ነው። ሀዲጃ ያኔ ያልተናገረችውን አሁን ተናገረች፤ ቃሉ ከማን እንደመጣ፣ ማን እንደተገረፈ። ሰውየው በተሰባበረ አማርኛ ፈድሉን ጠየቀው።

«ሞተር ሠራህ አንተ?»

«እኔ ነኝ።»

«ዘግይቶ ቢመጣ እናቴ አወጣት ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ፈድሉ። ሌላ የሚለው ነበረው፤ ሾፌሩ እያየኝ ነበር፣ ይገድሉኝ ነበር ሊል ይችል ነበር። አላለም።

ሰውየው ዝናቡን አየ፤ መሬቱን አየ። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አለ።

«ዝናብ ነው፤ ግቡ።»

ገቡ። አሰገደች ከእሳቱ ራቅ ብላ ልትቀመጥ ስትል የሰውየው ሚስት እጇን ይዛ አስጠጋቻት። ለፈድሉ በርጩማ ተሰጠው። ማንም አልረገመው፤ ማንም ይቅር አላለውም። ቆጮው ሲቀርብ ለእሱም ተቆረሰለት፤ ተቀብሎ በእጁ እንደያዘው ብዙ ቆየ። ዝናቡ ሲያባራ እሱና ሀዲጃ ተነሥተው መንገድ ገቡ፤ አሰገደች እዚያው ቀረች።